ስስ ቀለም እየደረቡ አብስትራክት መሥራት፦ አራተኛው እጅ ላይ ለምን ይጨቀያል?

ሸራ_ወጣሪ

ሰላም ለመድረኩ። 60 በ80 ሳ.ሜ. ሸራ ላይ በአክሪሊክ ስስ ቀለም እየደረብኩ አብስትራክት እየሞከርኩ ነው። ቅደም ተከተሉ ካድሚየም ቢጫ፣ ታሎ ሰማያዊ፣ ካድሚየም ቀይ፣ ከዚያ እንደገና ቢጫ። እያንዳንዱን እጅ ሸራውን ሙሉ ነው የቀባሁት። ማቅጠኛው ግማሽ ማት ሚዲየም (ቀለም የሌለው፣ የማያብለጨልጭ የአክሪሊክ ማያያዣ)፣ ግማሽ ውሃ። በአንዱ እጅና በሌላው መካከል 20 ደቂቃ።

ሁለተኛው እጅ ላይ ጥሩ አረንጓዴ መጣ፤ አራተኛው ላይ ሁሉም የክረምት ጭቃ ሆነ። ቦታ ቦታው ላይ ጉም የለበሰ ይመስላል። ሁለት ቦታ ላይ ደግሞ ብሩሹ የታችኛውን እጅ ልጦ አነሳው። ጥፋቱ የቱ ጋ ነው?

ዐይነ_ቀለም

ሦስት የተለያዩ ጥፋቶች ናቸው፤ አንድ ላይ አትፍታቸው። ከጭቃው እንጀምር።

ስስ ቀለም የራሱ ብርሃን የለውም። ብርሃኑ ከታች ካለው ነጭ መደብ ነው የሚመጣው። ከመስኮት የገባው ብርሃን ቀለሙን አልፎ ነጩን ይመታል፣ ሲመለስም በዚያው ቀለም ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ እጅ ሁለት ጊዜ ይቀንስበታል። ለምሳሌ አንድ እጅ 80 በመቶውን የሚያሳልፍ ቢሆን፣ ደርሶ መልስ 64 በመቶ ይቀራል። ሦስት እጅ ላይ 26 በመቶ፣ አምስት እጅ ላይ 11 በመቶ ገደማ። ነጠላ ዘርግተህ እጅህን ከሥር ብታስገባ ጣቶችህ ይታያሉ፤ ደጋግመህ ካጠፍከው ግን ጣት የለም። ሸራህን አራት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ስትቀባ ነጠላውን ሙሉ በሙሉ አጠፍከው።

የጭቃው ሁለተኛ ምክንያት የቀለም ምርጫው ነው። ቢጫ፣ ሰማያዊና ቀይ አንድ ቦታ ላይ ከተደራረቡ አንዱ የሚተወውን ሌላው ይውጠዋል፣ የሚቀረው ቡናማ ነው። ከዚያ በላይ ካድሚየም በባሕርዩ ሸፋኝ ነው። ብታቀጥነውም ብናኙ ብርሃኑን ያግደዋል፤ አራተኛው እጅ ላይ የጨመርከው ቢጫ ከላይ እንደ አቧራ ነው የተኛው።

ቲዩቡ ጀርባ ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን ምልክት አለች። ባዶ ከሆነች ቀለሙ አሳላፊ ነው፣ በሰያፍ ከተከፈለች ከፊል አሳላፊ፣ ሙሉ ጥቁር ከሆነች ሸፋኝ። ምልክት ከሌለው የፒግመንት (ቀለሙን የሚሰጠው ብናኝ) ኮዱን ፈልግ። ለዚህ ሥራ የሚመከሩት ኪናክሪዶን ማጀንታ (ፒአር122)፣ ታሎ ሰማያዊ (ፒቢ15)፣ ታሎ አረንጓዴ (ፒጂ7) እና ኒኬል አዞ ቢጫ (ፒዋይ150) ናቸው። አንድ ቲዩብ ላይ ሦስት አራት ኮድ ካየህ ተወው፤ ገና ከቲዩቡ ሳይወጣ ግማሽ መንገድ ወደ ጭቃው ሄዷል።

ቲዩቡን ካላመንከው ፈትነው። ነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር አክሪሊክ ወፍራም መስመር አስምር፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ቀለሙን በስሱ አሳልፍበት። መስመሩ ላይ ምንም ካልታየህ አሳላፊ ነው። ግራጫማ ፊልም ከተኛበት ሸፋኝ ነው። ማርከር አትጠቀም፣ ሊሟሟና ሊያሳስትህ ይችላል።

ጽጌ_ሰባት

በጉሙ ላይ ልጨምር። ሚዲየሙ ማት ነው ብለሃል፤ ግማሹ ምክንያት እሱ ነው። ማት ሚዲየም ድምቀቱን የሚያጠፋው ውስጡ ባለው ደቃቅ ዱቄት ነው። አንድ እጅ ላይ አይታወቅም፣ አራት እጅ ላይ ግን ያ ዱቄት ተጠራቅሞ መስታወት ላይ እንደተነፈሱበት ይሆናል። ሁሉንም እጅ በግሎስ (በሚያብለጨልጭ) ሚዲየም ሥራ። ማት የምትፈልግ ከሆነ መጨረሻ ላይ በቫርኒሽ አድርገው።

ሌላው መንስኤ እርጥበት ነው። አክሪሊክ ሚዲየም እርጥብ እያለ እንደ ወተት ነጭ ነው፣ ሲደርቅ ይጠራል። ላዩ ደርቆ ውስጡ ውሃ ከያዘና ሌላ እጅ ከጨመርክበት ነጭነቱ ታስሮ ይቀራል። 20 ደቂቃ በበጋ፣ ለስስ እጅ ይበቃ ይሆናል፤ በሐምሌ አይበቃም። የእጅህን ጀርባ ቀለሙ ላይ ቀስ አድርገህ አስጠጋ። ከቀዘቀዘህ ውሃው ገና እየተነነ ነው። የክፍሉን ያህል ከሞቀ ቀጥል።

ብርድም አለ። ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች አክሪሊክ በደንብ አይያያዝም፣ የደረቀ መስሎ ደካማና ደብዛዛ ይሆናል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አዲስ አበባ ማታ ከዚያ በታች ስለሚወርድ፣ አመሻሽ ላይ የተቀባ ሸራ መስኮት ሥር አይደር።

ሸራ_ወጣሪ

በጸጉር ማድረቂያ ማፍጠን ይቻላል?

ጽጌ_ሰባት

በቀዝቃዛ አየር፣ ከ50 ሳ.ሜ. ያላነሰ ርቀት ላይ ሆነህ። ሙቁን ከተጠቀምክ ላዩን ቆዳ ያስይዘዋል፣ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቀራል። ማለትም ከላይ ያልኩትን ችግር በገንዘብህ ትገዛዋለህ።

ዐይነ_ቀለም

የመላጡ ነገር ደግሞ ከውሃው ነው። ቀለሙን ከሸራው ጋር የሚያይዘው ሚዲየሙ ውስጥ ያለው ማያያዣ ነው፤ ግማሹን ውሃ ስታደርገው ማያያዣው ሳሳ። በዚያ ላይ ገና ያልጠነከረ እጅ ላይ እርጥብ ብሩሽ ደጋግመህ ስትጎትት ይነሳል። ግሌዝ (እንዲህ የሚደረበው ስስ ቀለም) በሚዲየም ነው የሚቀጥነው፤ ውሃ ለመፍሰሻ ያህል ጠብ ይላል፣ ከሩብ ባይበልጥ ይመረጣል።

ልኩ ለ60 በ80 ሸራ፣ ለአንድ ሙሉ እጅ፦ 8 የሻይ ማንኪያ ግሎስ ሚዲየም (40 ሚሊ ሊትር) ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቀለም። ታሎ ከሆነ ሩብ ማንኪያ ጀምር፣ ያ ቀለም ኃይለኛ ነው። ውፍረቱ ቀጭን አጥሚት ይምሰል። ስታማስል አረፋ አታንሳ። ከተነሳ 10 ደቂቃ አስቀምጠው፤ ያልጠፋ አረፋ ደርቆ የመርፌ ቀዳዳ ይሆናል፣ የሚቀጥለው እጅ ደግሞ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ነጠብጣብ ይሠራል።

አቀባቡ፦ 5 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ለስላሳ ሰው ሠራሽ ጠፍጣፋ ብሩሽ፣ በአንድ አቅጣጫ አንድ ጊዜ፣ በማቋረጥ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ እጅህን አንሳ። ሦስተኛ ጊዜ ለማስተካከል መመለስ ነው የሚያበላሸው። ያመለጠህን ነጥብ ተወው፣ የሚቀጥለው እጅ ይሸፍነዋል ወይም የሥዕሉ አካል ይሆናል።

ኮላ_ጠያቂ

ሚዲየም ውድ ነው፣ ሁልጊዜም አይገኝም። የእንጨት ኮላ በውሃ አቅጥኖ መጠቀም አይቻልም? ነጭ ነው፣ ሲደርቅም ይጠራል።

ዐይነ_ቀለም

ለልምምድ ወረቀት ላይ ይሁን። ሸራ ላይ አይሆንም። የእንጨት ኮላ ከደረቀ በኋላም ውሃ ሲነካው ይለሰልሳል። ስለዚህ ሁለተኛው እጅ የመጀመሪያውን ያነሳል፣ ሦስተኛው ሁለቱንም። ከጊዜ ጋር ቢጫ ይሆናል፣ ይደርቅና ሸራው ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ገንዘብ ለመቆጠብ ቀለም ቀንስ እንጂ ሚዲየም አትቀንስ። ሦስት ቲዩብ (ማጀንታ፣ ታሎ ሰማያዊ፣ ኒኬል ቢጫ) እና አንድ ሊትር ግሎስ ሚዲየም ከአሥራ ሁለት ቲዩብ ሣጥን ይሻላል። ሣጥኑ ውስጥ ካሉት ግማሹ ሸፋኝ ነው።

አሮጌ_ብሩሽ

ስለ መደቡ ማንም አላነሳም። ሁሉም ብርሃን ከመደቡ ነው ካላችሁ ከዚያ ነው መጀመር የነበረባችሁ።

ጄሶ ስል የግድግዳውንና የሐኪሙን አይደለም፤ ለሸራ መደብ የሚቀባውን ነጭ አክሪሊክ ጄሶ ነው። የተዘጋጀ ሸራ ገዝታችሁም ቢሆን ሁለት እጅ ጨምሩበት፣ በአንዱና በሌላው መካከል በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፣ የመጨረሻውን በ400። ለምን? የሸራው ድር ጎልቶ ከቀረ ስሱ ቀለም ጉድጓዶቹ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ቀለሙን ሳይሆን ጨርቁን ታያላችሁ። ያን ከወደዳችሁት ሌላ ነገር ነው።

በአቡጀዲ የምትሠሩ በሙቅ ውሃ አጥባችሁ አድርቁት። ካልታጠበ ጄሶው ሲነካው ይሰበሰባል፣ ፍሬሙን ያጣምማል። አቡጀዲ ስስ ስለሆነ አራት እጅ ጄሶ ይጠጣል።

ስሱ ቀለም ፈሳሽ ስለሆነ ሸራው አግድም መተኛት አለበት። ያኔ መሃሉ ይሰረጉዳል፣ ቀለሙም እዚያ ኩሬ ይሠራል። ፍሬሙ ጥግ ላይ ያሉትን ሽብልቆች በመዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱና ወጥሩት። ሽብልቅ የሌለው ፍሬም ከሆነ ከሥር፣ በእንጨቶቹ መካከል፣ ልኩን የጠበቀ ካርቶን አስገቡ።

ማርታ_ዲሲ

ጋሼ አሮጌ ብሩሽ፣ በዘይት ቀለም ለሚሠራስ ምን ይላሉ? እዚህ በክረምት ማሞቂያው ክፍሉን ስለሚያደርቀው አክሪሊኩ ብሩሽ ላይ ይደርቃል። ማድረቁን የሚያዘገይ ማዘግያ ጨምሬ ደግሞ ቀናት ሙሉ ተጣብቆ ቆየ።

አሮጌ_ብሩሽ

ማዘግያ ከ10 እስከ 15 በመቶ አይለፍ፣ ልጄ። ከዚያ በላይ ከሆነ ፊልሙ አይጠነክርም፣ የሆነብሽም ያ ነው። ከማዘግያ በፊት ውሃ የሚረጭ ጠርሙስ ሞክሪ፤ ሸራው ላይ ሳይሆን ከበላዩ አየር ላይ ይረጫል።

በዘይት ከሆነ ጊዜው ሌላ ነው፣ አንዱ እጅ እስኪደርቅ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንት። ለመጀመሪያው እጅ 1 ስፍር ስታንድ ኦይል (የወፈረ የተልባ ዘይት) ከ2 ስፍር ተርፔንታይን ጋር፣ ለኋለኞቹ እኩል በእኩል። ከታች ያለው ቀጭን፣ ከላይ ያለው ዘይት የበዛበት ይሁን። ተገላቢጦሽ ከሆነ ላዩ ቀድሞ ይደርቃል፣ የታችኛው ሲንቀሳቀስ ይሰነጥቀዋል። በአክሪሊክ ላይ ዘይት መቀባት ይቻላል፤ በዘይት ላይ አክሪሊክ ግን አይይዝም።

የገበያ ተልባ ዘይት አይሆንም፣ ለምግብ የተጨመቀው አልተጣራም፣ ይጠቁራል። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ የምለው፦ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ ሲቀመጥ በራሱ ይሞቃል፣ እሳትም ይነሳል። ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ ክዳን ባለው ቆርቆሮ አስቀምጡት። ተርፔንታይን ባለበት ክፍል ከሰል አይያያዝ፣ ቡናም ቢሆን።

ማርታ_ዲሲ

እሺ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ።

ወደ ጭቃው ልመለስ፣ ምክንያቱም ጭቃው ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም ብዬ ነው የማምነው። አሜሪካዊው ሠዓሊ ሞሪስ ሉዊስ እዚሁ ዋሽንግተን ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቬይል (መጋረጃ) የሚባሉትን ተከታታይ ሥራዎች ሲሠራ፣ በተርፔንታይን የቀጠነ ማግና የሚባል አክሪሊክ ባልተቀባ ጥጥ ሸራ ላይ እያፈሰሰ ነበር። የብዙዎቹን መሃል ብታዩት ቡናማ ነው፣ ነሐስ የመሰለ። ሥዕሉን የሚያነሳው ዳሩ ነው። ቀለሞቹ ጫፍ ላይ እኩል አያልቁም፤ ከመጋረጃው ሥር አንድ ጣት ብርቱካን፣ አንድ ጣት አረንጓዴ ሹልክ ብሎ ይታያል። ዐይን ዳሩን አይቶ ነው መሃሉ ከምን እንደተሠራ የሚያውቀው።

ስለዚህ ሸራ ወጣሪ፣ ትልቁ ስህተትህ ካድሚየሙ አይመስለኝም። እያንዳንዱን እጅ ከዳር እስከ ዳር መቀባትህ ነው።

ዐይነ_ቀለም

ግማሽ እስማማለሁ። ዳሩ በካድሚየም ቢሆን ያ መሃል ነሐስ አይሆንም ነበር፣ ሲሚንቶ ነው የሚሆነው። አሳላፊ ፒግመንት ከሌለ ዳሩ ብቻውን አያድንም። ሸራውን ሙሉ አለመሸፈኑ ግን ትክክል ነው።

በተግባር ይህን ሞክር። ቢጫውን በሦስት ሰፊ ቅርጽ አኑር፣ ከሸራው ሩቡ ነጭ ሆኖ ይቅር። ማጀንታው ከቢጫው ግማሹን ይንካ፣ ግማሹ ነጩ ላይ ይውጣ። ሰማያዊው በመጨረሻ፣ በትንሹ፣ ሁለቱንም በአንድ ጠባብ ቦታ ብቻ ያቋርጥ። አሁን ሰባት ቀለም አለህ፦ ቢጫ፣ ማጀንታ፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካን፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ፣ ሦስቱም የተገናኙባት ጨለማ። ነጩን ስትጨምር ስምንት። ከሦስት ቲዩብ። ያቺ ጨለማ ከመዳፍ ባትበልጥ ሥዕሉ ይቆማል።

ዳሮቹ በሁለት መንገድ ይሠራሉ። ስል ዳር ከፈለግክ የወረቀት ፕላስተር ለጥፍ፣ ጠርዙን በንጹሕ ግሎስ ሚዲየም ቀባው፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ቀለሙን አምጣ። ሚዲየሙ ቀዳዳውን ስለሚዘጋው ቀለም ከሥር አይሾልክም። ፕላስተሩን ቀለሙ እርጥብ እያለ ወደ ራሱ አጥፈህ ላጥ። ለስላሳ ዳር ከሆነ ቦታውን መጀመሪያ በንጹሕ ሚዲየም አርጥበህ ቀለሙን ከውስጥ ወደ ውጭ ግፋው፤ ጠርዙ ላይ በደረቅ ብሩሽ እየዳበስክ አሟሟው።

ጽጌ_ሰባት

ለስላሳው ዳር ላይ አንድ ነገር፦ ሲደርቅ ጠርዙ ላይ ጠቆር ያለ ቀጭን መስመር ከታየህ ፈሳሹ በዝቷል ማለት ነው። ብናኙ እየተገፋ ጠርዝ ላይ ተከማቸ፣ ቡና ስኒ ጠረጴዛ ላይ እንደሚተወው ክብ።

ሸራውን ወደ መስኮት አዘንብለህ ከጎን እየው። ፊት ለፊት የማይታየው ጉብታ ከጎን ይወጣል። በ600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ውሃ ነክረህ፣ በአንድ ጣት ብቻ እሸው። ነጭ ጭረት ቢታይህ አትደንግጥ፣ የሚቀጥለው ግሎስ እጅ ይሞላዋል። አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ በሥዕል ንብርብሮቿ መካከል ግልጽ አክሪሊክ እየደረበች በብርጭቆ ወረቀት ማለስለሷ ይታወቃል። ያ ሲሆን የታችኛው መስመር ከላይኛው ተለይቶ፣ ከመስታወት በስተጀርባ እንዳለ ይታያል። አንተም ሁለት የቀለም እጆችን ማራቅ ከፈለግክ በመካከላቸው ሁለት እጅ ንጹሕ ግሎስ አስገባ።

ኮላ_ጠያቂ

ነጭ ቀለም ጨምሮ ጉም መሥራትስ? አሳላፊ ካልሆነ ክልክል ነው?

ዐይነ_ቀለም

ክልክል የለም፣ ግን ሌላ ሥራ ነው። ነጭ ብርሃኑን ይበትነዋል እንጂ አያሳልፈውም። በጨለማ ቀለም ላይ በስሱ ካሳለፍከው ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ ጭስ ከጥቁር ተራራ ፊት ሰማያዊ እንደሚመስለው። ቲታኒየም ነጭ (ፒደብሊው6) ኃይለኛ ነው፣ ለ40 ሚሊ ሊትር ሚዲየም የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። ዚንክ ነጭ (ፒደብሊው4) ለጉም ይሻላል፣ ከፊል አሳላፊ ነው። በአክሪሊክ ብቻ ግን፤ በዘይት ዚንክ ከጊዜ ጋር ይደርቅና ይሰነጠቃል። ጉሙን ሥዕሉ ላይ አንድ ቦታ አድርገው። ሁሉም ቦታ ከሆነ ድምቀት የሚባል ነገር አይኖርም።

አሮጌ_ብሩሽ

ቀለም ስትገዙ ብርሃን የመቋቋም ደረጃውንም እዩ። ስስ ቀለም ከወፍራሙ ቀድሞ ይነጣል፣ የሚያጣው ብናኝ መጠባበቂያ የለውም። አሊዛሪን ክሪምሰን (ፒአር83) ለግሌዝ ያምራል፣ ግን በስሱ ሲቀባ ይጠፋል። ኪናክሪዶን ይተካዋል። አሜሪካዊው ሠዓሊ ማርክ ሮትኮ ለሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሠራቸው ትልልቅ ሥዕሎች በ1964 እ.ኤ.አ. ሰፊ መስኮት ባለው ክፍል ተሰቀሉ፤ ውስጣቸው ሊቶል ሬድ የሚባል ቀይ ስለነበረ እየነጡ ሄዱ፣ በ1979 ወርደው መጋዘን ገቡ። በደጋ ከፍታ ደግሞ ፀሐዩ የበለጠ ይበረታል።

ሸራ_ወጣሪ

ሁሉንም ጻፍኩት። የመጨረሻ ጥያቄ፦ አሁን እጄ ላይ ያለው ጭቃ ሸራ ይድናል ወይስ ጄሶ ልድፋበት?

ዐይነ_ቀለም

ሙሉውን ጄሶ አትድፋበት። የጠፋው ብርሃን ስለሆነ ብርሃኑን በቦታው መልስ። መጀመሪያ የተላጡትን ሁለት ቦታዎች በ400 አለስልስ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገህ አድርቅ። ከዚያ በቲታኒየም ነጭ፣ ሳታቀጥን፣ ሦስት ወይም አራት ቅርጽ ሳል። ሁለት እጅ ይፈልጋል፣ ከሥር ያለው ቡናማ እስከማይታይ። ጠርዙን አታስተካክለው፣ ትንሽ ይሰባበር። አንድ ሌሊት ይደር። በማግስቱ በአንድ እጅ ንጹሕ ግሎስ እሸገው፣ አለበለዚያ ነጩ የሚቀጥለውን ቀለም ይጠጣና ይዥጎረጎራል።

ሲደርቅ ኒኬል ቢጫውን ነጩንም ጭቃውንም ባቋረጠ ቅርጽ አሳልፍበት። ነጩ ላይ ይበራል፣ ጭቃው ላይ እምብዛም አይታይም። አንድ የብሩሽ ምት ሁለት ቦታ ላይ ሁለት ቀለም ይሆናል። ጭቃው ያኔ ጥላ ሆኖ ያገለግልሃል።

ጽጌ_ሰባት

ቫርኒሽ ደግሞ ከመጨረሻው እጅ ሁለት ሳምንት በኋላ። ከዚያ በፊት 2 ስፍር ግሎስ ሚዲየም ከ1 ስፍር ውሃ ጋር አዋህደህ መለያ እጅ አድርግበት። ያ ከሌለ አንድ ቀን ቫርኒሹን ለማንሳት ስትሞክር ስሱ ቀለም አብሮ ይነሳል። ማቱ ቫርኒሽም ሁለት እጅ አይለፍ።